ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ

ልብስ ሰፊውን ሰነፍ ነው ማለት ሐሜት ይሆናል፤ እንቅልፍ ይወደዋል ብንል ይሻላል። አንድ አባት የልጁን ሱሪ አሳጥርልኝ ብሎ ሰጥቶት፣ ሊወስድ በመጣ ጊዜ ልጁ አድጎ ማሳጠሩ አላስፈለገም። ላግባ አላግባ እያለ ጎኑን ሲያገላብጥም ሽበት ቀደመው። ሰፈሩ «ብርድልብሱ» ይለዋል፣ ያውም በፊቱ። እሱ አይቆጣም፤ መቆጣትም ድካም አለው።

የሚኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻውን ነው። ማታ የስፌት መኪናውን ከሸፈነ በኋላ እስከ ማግስቱ ድረስ ስሙን የሚጠራ ሰው የለም።

ታዲያ ይህ ሰው ጸሎተኛ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ የጎብኚዎች ኅብረት ውስጥም አለበት። እያንዳንዱ አባል ከቤት የማይወጣ አንድ ሰው ይመደብለታል፤ ለልብስ ሰፊው የደረሱት ዐይናቸው የጠፋ ጡረተኛ አናጢ ናቸው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እየሄደ ቃለ እግዚአብሔር ሊያነብላቸው ነበር ነገሩ። የመጀመሪያ ሰሞን ሄደ። ከዚያ ዝናብ መጣ፤ ከዝናቡ በኋላ ጉንፋን፤ ከጉንፋኑ በኋላ ልማድ።

አንድ እሑድ የኅብረቱ ኃላፊ የሆነችው የሰፈሩ አዋላጅ በሰው መሐል ጠየቀችው።

«አናጢው እንዴት ናቸው?»

«በጸሎት ጎብኝቻቸዋለሁ።»

«የት ሆነህ?»

«ቤቴ።»

«ተቀምጠህ ነው ተኝተህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ጸሎትህማ ደርሷል ወንድሜ፤ የቀረኸው አንተ ነህ። ከከበደህ ለሌላ ሰው ልስጣቸው፤ ነውር የለውም» አለችው።

ሸክም ሲያወርዱለት ደስ ሊለው በተገባ። ግን ልቡን አንዳች ነገር ወጋው። በዚህ ዓለም ላይ የእሱ የተባሉ ሰው ቢኖሩ እኚህ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም በድልድል።

«አይሆንም እህቴ፤ ቅዳሜ እሄዳለሁ» አለ።

ቅዳሜ ደረሰ። ምሳውን በላ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ዝናብ ጀምሮ ነበርና እስኪያባራ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ አረፍ አለ። ጫፉ መሐል ሆነ፤ ማረፉ ጋደም ማለት ሆነ። ሲነቃ ጫማው እግሩ ላይ ነው፤ ቀኑ ግን ሄዷል።

የአዋላጇ ዐይን ታየውና እየተደነባበረ ወጣ። አናጢው ግቢ ሲደርስ አንዲት ጎረቤት ዝናብ የመታውን ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰበች አገኛት። ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«የማንን ቤት ፈልገው ነው?»

«አባባን ልጠይቅ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት እንዴ እንግዳው!» አለች፤ እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። «እኛ እኮ እንግዳ የሚባል የለም ብለን ነበር። ቀድሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ነበር የሚውሉት። ልጆቼ እጃቸውን ይዘው ያመጧቸዋል፣ አብረን እንበላለን፣ ስንጫወት ይመሻል። እርስዎ ከተመደቡ ወዲህ ‹እንግዳ አለብኝ› ነው መልሳቸው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ወንበራቸው ላይ ይውላሉ። ብንለምናቸው፣ ብንቆጣቸው፣ ወይ ፍንክች!»

ልብስ ሰፊው እስከ ዛሬ መቅረቱን እንደ ባዶ ነገር ነበር የሚያስበው፤ ያልሄደ ሰው ምን ይጎዳል? ለካ እቤቱ ተኝቶ የሽማግሌውን ቅዳሜ ሲበላባቸው ኖሯል።

በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጡ ጨልሟል። አናጢው ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ያንኮራፋሉ። «ደክሟቸው ይሆናል፤ ባልቀሰቅሳቸው ይሻላል» የሚል ርኅራኄ መጣበት። ይህን ርኅራኄ ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ አስተኝቶታል። ሳል ሳል አለ።

«መጣህ?» አሉ ወዲያው ቀና ብለው።

«መጣሁ አባባ።»

«ዛሬ ትንሽ ረፈደብህ።»

ደንበኛ በዝቶብኝ ሊል አፉን ከፈተና ተወው። «ተኝቼ ነበር።»

«እኔም!» አሉና ሳቁ። በእጃቸው ጠረጴዛውን ዳብሰው የተከደነ ሳህን ገፉለት፤ ሁለት ቁራሽ ዳቦ ነበረበት፤ ጠዋት የተቆረጠ፣ ጠርዙ የደረቀ። ሁለቱም እየቆረሱ በሉ።

«አባባ፣ እኔ ስቀር ጎረቤት ለምን አይሄዱም?»

«ብትመጣስ? ዕድሜዬን ሙሉ በር ስሠራ ነው የኖርኩት። ሰው ከተዘጋ በር ሲመለስ ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። በል አሁን አንብብልኝ።»

ማብሪያውን ተጫነ። አልበራም። ደግሞ ተጫነ።

«አባባ፣ አምፖሉ ተቃጥሏል።»

«አትለኝም! ከመቼ ጀምሮ?»

የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። ለእሳቸው ቀኑም ሌሊቱም አንድ ነው፤ ከመሸ ደግሞ ማንም አይገባም።

«እንግዲያ በቃልህ የምታውቀውን በለኝ።»

ልብስ ሰፊው አሰበ፤ አሰበ። እናቱ በየጠዋቱ ብርድ ልብሱን እየገፈፈች ትደጋግምበት ከነበረው፣ ሰነፉ ወደ ጉንዳን ሄዶ እንዲማር ከሚያዘው ቃል በቀር አንድም አልመጣለት። እየተንተባተበ እሱኑ በቃሉ ወጣው። አናጢው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ሌላ አታውቅም?»

«አላውቅም።»

«ይሁን፣ ለሁለታችንም የሚበቃ ነው።»

«ሳምንት አምፖል ይዤ እመጣለሁ አባባ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ።»

«እሱስ ፈቅዷል ልጄ» አሉ ረጋ ብለው፤ «እስካሁን ያልፈቀድከው አንተ ነህ።»

ልብስ ሰፊው በጨለማው ውስጥ በሩን በእጁ ፈለገ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይመልስ ወጣ። አናጢው የእግሩን ኮቴ እስኪጠፋ አዳመጡት፤ ተቀየመ መሰላቸው። ሳህኑን ከደኑት።

ሲመለስ ዝናቡ እንደገና ይዞት ከትከሻው ውኃ ይንጠባጠባል። ወንበር ስቦ ወጣና የተቃጠለውን ነቅሎ ገዝቶ ያመጣውን አምፖል አጠበቀ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በራ?»

«በራ አባባ።»

በብርሃኑ ክፍሉን አየው። የእንግዳው ወንበር በታጠፈ ጨርቅ ተለብዷል። የነጩ ሸሚዝ ቁልፎች እያንዳንዳቸው በአንድ ቀዳዳ ተዛንፈዋል፤ ኮሌታው በአንድ ወገን ቀና ብሏል። ጎንበስ ብሎ እየፈታ እንደገና ቆለፈላቸው፤ እሳቸውም እንደ ሕፃን አገጫቸውን ቀና አደረጉለት። ከዚያ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ።

ብዙ ሳይቆይ አናጢው አንገታቸውን ደፉ። መሄድ ይችል ነበር፤ ዝናቡም አባርቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ገጹን ገለጠ።