የተደፋው አንድ ሊትር

ባሕሩዲን በሐረር ጀጎል፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ሲጸዳዳ ደም እያየ ስምንት ወር ሙሉ «ኪንታሮት ነው» እያለ ዝም አለ። ከስቶ የገዛ ሱሪውን ሁለቴ ካጠበበ በኋላ ነው ሚስቱ ጀናት ጎትታ ሐኪም ቤት የወሰደችው።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነበር። «አባባ፣ አንጀትዎን በካሜራ ማየት አለብኝ» አለው። «ይህን ዱቄት በአራት ሊትር ውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ። ውሃውን አንጀት ውስጥ ይዞ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል። ሳይጨርሱ እንዳያቆሙ።»

በቀጠሮው ዋዜማ ጀናት ከቀትር ጀምራ በየሩብ ሰዓቱ አንድ አንድ ብርጭቆ ታቀብለው ጀመር። ጨው ጨው ይላል። ሆዱ ተነፋ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ተለቀቀ። ግቢው የአራት ቤተሰብ ነው፤ ሽንት ቤቱ ግን አንድ። የዚያን ቀን ደግሞ የጎረቤት ሰርግ ደርሶ ሴቶቹ ግቢው መሐል ሽንኩርት ይከትፋሉ። ባሕሩዲን ሱሪውን ጨብጦ ሲሮጥ ጨዋታቸው ይቋረጣል፤ ሲመለስ አንገታቸውን ይደፋሉ። በሰባተኛው ሩጫ አልደረሰም። እዚያው በመካከላቸው አመለጠው። አንዲት ልጅ ሳቀች፤ እናቷ በጥፊ አለቻት።

ልብሱን ቀይሮ ተቀመጠ። ጀናት የቆሸሸውን ልታጥብ ስትወጣ የቀረውን አንድ ሊትር በጓሮው መስኮት ደፋው።

«ጨረስኩ፣ አልሐምዱሊላህ» አላት ስትመለስ።

በማግሥቱ ሐኪሙ መሣሪያውን አስገብቶ ብዙም ሳይቆይ አወጣው።

«አልጸዳም፤ ምንም አይታየኝም። ሁሉንም ጠጥተዋል?»

«ወላሂ ጠጥቻለሁ።»

ውጭ ስትጠብቅ የነበረችው ጀናት ይህን ስትሰማ ሐኪሙ ላይ ጮኸችበት። «በእጄ ነው ያጠጣሁት! ባሌ ዋሽቶ አያውቅም!»

ባሕሩዲን መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሳይደርስ መሣሪያው ተበላሸ። መለዋወጫ እስኪመጣ አራት ወር ሄደ። ያኔ ባሕሩዲን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣ፤ ሐኪሙም አየ። ካንሰር ነው፤ በሌላ ምርመራ ጉበቱ ላይም ተገኘ።

«በመጀመሪያው ጊዜ ታይቶ ቢሆንስ?» ሲል ጠየቀ ባሕሩዲን።

«ያኔ ምን ያህል እንደነበረ አላውቅም፣ አባባ» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

ቤት እንደገቡ ለጀናት ሁሉንም ነገራት። ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማ ሰማችው።

«በአላህ ስም ምለህ?» አለች በመጨረሻ።

«አፈርኩ፣ ጀናት።»

«ብትነግረኝ እኮ ሴቶቹን ከነሽንኩርታቸው ጠራርጌ አስወጣልህ ነበር! ሙሽራዋንም ጭምር!»

ከዚያ ሁለት ሳምንት አላናገረችውም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ማስታገሻውን በሰዓቱ ትሰጣለች፤ ቃል ግን አይወጣትም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከጁምዓ ሶላት በሰው ተደግፎ ሲመለስ በር ላይ ጠበቀችው።

«ምን ልሥራልህ?»

«ሾርባ» አለ ባሕሩዲን።

ሠራችለት። ሁለት ማንኪያ ብቻ ነው የወረደለት። የሞተው ረመዳን ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው።