የታጠበው ገል

የእናቴ ቤት ይፍረስ አይፍረስ የሚወሰነው መሬቷ ውስጥ የድሮ ነገር በመገኘቱና ባለመገኘቱ ነበር። ከሚዛን ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን አንድ ባለሀብት የቡና መጋዘን ሊሠራ ነው፤ የተመራለት ቦታ የእናቴን የወይዘሮ በየነችን ግቢ ጠቅልሎ ይይዛል። ከግንባታው በፊት የጥንት ቅርስ አጥኚዎች መጥተው የሙከራ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ አንዳች ነገር ከተገኘ መጋዘኑ ወደ ባዶው ሜዳ ይዛወራል፣ ካልተገኘ ቤቱ ይፈርሳል ተባልን። አማን ከተማ ያለችውን ሱቄን ዘግቼ መጣሁ።

የአጥኚዎቹ አለቃ ሕዝቅያስ የሚባል፣ ትሁት የሚመስል ሰው ነው። መጀመሪያ ያስቆፈረው ደጁን ነው። ምን ሊያገኝ! ያንን ደጅ እናቴ ሙሽራ ሆና ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ማታ ትጠርገዋለች፤ ከእሷ በፊት አማቷ ይጠርጉት ነበር። በእኛ አገር የተሰበረ እንስራ፣ አመድ፣ የቤት ጥራጊ ሁሉ የሚጣለው ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ነው። ይህንን የማያውቅ የለም።

«ለምን ጓሮውን አይቆፍሩም?» አልኩት።

«ጓሮው እንደሚሻል አውቃለሁ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። «ግን ሰብል ያለበትን እንዳትነኩ ተብለናል። ካሳው አልተገመተም።»

የባለሀብቱ ወኪል አቶ ጴጥሮስ አጠገቡ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ፈገግ አለ። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ አለች አህያ! ቤት ሊያፈርሱ የመጡ ሰዎች ለእንሰት አዘኑ።

እናቴ ንዴቱን ለእኔ ትታ ገጀራዋን አነሳች። እንሰት እንደ ጎመን ዛሬ ተክለው ሲያሰኝ የሚቀነጥሱት አይደለም፤ ዓመታት ይጠበቃል። እሷ ግን ለከርሞ ቆጮ ያሰበችውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ቆርጣ ጣለችው። እኔም እያለቀስኩ ግንዱን ወደ ዳር ጎተትኩ።

«አሁን ሰብል የለም» አለችው፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

ሕዝቅያስ ምክንያት አጣና ጓሮውን አስቆፈረ። አመሻሹ ላይ ከጉድጓዱ ግድግዳ የገል ጠርዝ ብቅ ብቅ አለ፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ በጥፍር የተጫረ ጌጥ ያለበት። ሕዝቅያስ ተንበርክኮ በብሩሽ እየጠረገ ፊቱ በራ። አቶ ጴጥሮስ መፋቂያውን ካፉ አወጣ።

«እማማ፣ ይሄ የዋዛ ነገር አይደለም! ነገ ጠዋት ፎቶ እናነሳዋለን» ብሎ ሕዝቅያስ ሚዛን ወዳለው ሆቴሉ ሄደ። አትንኩ አላለም። ሸራ አላለበሰውም። ጠባቂም አላቆመም። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ አማን ተመለስኩ።

ጠዋት በባጃጅ ስደርስ እናቴ ገሎቹን ከጉድጓዱ አውጥታ፣ አንድ በአንድ አጥባ፣ ለጋ የእንሰት ቅጠል ላይ ደርድራቸዋለች። በእኛ ቤት ለእንግዳ ጭቃ የነካው ነገር አይቀርብም።

«ንጹሕ አድርጌልሃለሁ፣ ልጄ» አለችው ሕዝቅያስን ከአቶ ጴጥሮስ ጋር ሲመጣ ስታየው።

ሰውየው ጭንቅላቱን ያዘ። «ምነው እማማ! ከቦታው ከተነሳ እኮ ማስረጃ አይሆንም። ከየትኛው አፈር እንደወጣ እንዴት ይታወቃል?»

«ታዲያ ማታ ለምን አልነገርካትም?» አንቱታው ከአፌ ጠፋ። «ጉድጓዱ ይኸው! ዝቅ ብለህ አስቆፍር፣ ከሥሩ ሌላ አይጠፋም!»

ሕዝቅያስ ወደ አቶ ጴጥሮስ አየ። አቶ ጴጥሮስ ወደ መኪናው አየ።

«ጊዜው አልቋል፤ ዛሬ ለሌላ ቁፋሮ ቴፒ ነው የምትሄዱት» አለ ወኪሉ።

«ምንም አልተገኘም ልትል ነው?» አልኩት ሕዝቅያስን።

«ማስረጃ የሚሆን ነገር አልተገኘም ነው የምለው።»

ፊት ለፊት ቢዋሽ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጌጥ ያለበትን ገል አነሳና ቦርሳውን ከፈተ። «ይቺ ለተማሪዎቼ ማሳያ ትሆነኛለች» አለ።

እናቴ ከእጁ ነጠቀችው። ከእንግዳ እጅ ነገር ስትቀማ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። የቀሩትንም በቀሚሷ ሰብስባ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። «ይሄ እዚህ ነበር፤ ይሄ ከእሱ በታች» እያለች ወደ ጭቃው መልሳ ሰካቻቸው፤ በእጇ አፈር እየዛቀች ደፈነቻቸው። ከዚያ ወጣችና የአንዱን ቆፋሪ አካፋ ተቀብላ ለሕዝቅያስ ዘረጋችለት።

«ከቦታው ተነሳ አልከኝ። መልሼዋለሁ» አለችው። «በል ቆፍር።»

ሕዝቅያስ እጁን ኪሱ ከተተ። የመኪናው ሞተር ተነሳ፤ እናቴ አካፋውን እንደዘረጋች ቆማ ነበር።