የአረፋው ድርሻ

አያት ከሚታጠበው ልብስ መሃል የልጅ ልጃቸውን ሻርፕ መዘው አፍንጫቸው ላይ ለጠፉት። ሽቶ ነው። ከሽቶው ሥር ግን ቢራ። ትናንት ልጅቱ ከጓደኛዋ ልደት ስትመለስ ጉንጫቸውን ሳትስም "ደክሞኛል" ብላ ሽው ያለችው ለካ ለዚህ ኖሯል! ያውም ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ።

ሻርፑን ይዘው ሳሎን ገቡ። ልጃቸው የሰው ሶፋ ሲያለብስ ውሎ፣ ማስቲሹ ጣቱ ላይ እንደደረቀ፣ ቢራውን ይቀዳል።

"እስቲ አሽት።"

አሸተተና ብድግ አለ። "ማናት ያስለመደቻት? ከዛሬ ጀምሮ ከቤት ንቅንቅ የለም!"

"አንተው ነሃ!"

"እኔ?"

"'አረፋው የልዕልቷ ድርሻ ነው' እያልክ ከብርጭቆህ ስታስልሳት አይደል ያደገችው?"

እውነት ነው። አረፋው ከንፈሯ ላይ ነጭ ጢም ሲሠራ ቤቱ በሳቅ ይሞላ ነበር።

"እማዬ ደግሞ! አረፋ እኮ ነው።"

"አረፋው ከቧንቧ ውኃ ነው የመጣው?"

ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"አባዬ፣ ሁሉም ሲጠጡ እምቢ ለማለት አፈርኩ። አንዷ ራሷን ስታ ሐኪም ቤት ወሰዷት። እኛን ያመጣን ልጅ ደግሞ ራሱ ጠጥቶ ነበር፤ መኪናው የድልድዩን አጥር ለጥቂት ነው የሳተው።"

የአባትየው ፊት አመድ መሰለ። "ለምን አልደወልሽልኝም?"

"ትቆጣኛለህ ብዬ።"

"ሰማህ?" አሉ አያት። "ከመኪናው ይልቅ አንተን ፈራች።"

አባት ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ ልጁን አጠገቡ አስቀመጣት። ድምፁ ለዝቦ ነበር።

"መጠጥ ጠብታም ቢሆን የለም፤ አረፋውም ቀርቷል። ጥፋቱ የኔ ነው። ግን የትም ብትሆኚ፣ ጓደኞችሽ እንዳያውቁብሽ፣ ደውለሽ 'አያቴ መድኃኒቷን ወሰደች?' በዪኝ። ወዲያው እመጣለሁ። መንገድ ላይ አንዲት ቃል አልናገርሽም።"

"ጤነኛዋን ሴትዮ በሽተኛ አደረጋችሁኝ!" አሉ አያት። ልጅቱ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ሌላ ቅዳሜ የክፍል ጓደኞቿ ጠሯትና ሄደች። አያት ከመስኮቱ አልተነሱም፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ልባቸው አብሮ ያልፋል። አባት ጠርሙሱን ሊከፍት ሲል ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ፣ አያቴ መድኃኒቷን ወሰደች?"

"መጣሁ" አለ። ጠርሙሱን ሳይከፍት መልሶ ፍሪጅ ውስጥ ከተተና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

ገና ሳይመሽ ተመለሱ። ልጅቱ በሩን በርግዳ ገባችና እንደ ወትሮዋ ጉንጫቸውን ልትስም ተጠጋች። የአያት አፍንጫ ሊያሸት ተነሳሳ።

እሳቸው ግን ትንፋሻቸውን ያዙና ጉንጫቸውን ሰጧት።