ቀሩ የተባሉት

ሃያ ሰባተኛውን የድምፅ ቅጂ አዳምጣ ስትጨርስ በቅጹ ጥግ በእርሳስ ምልክት አደረገችና ሃያ ስምንተኛውን ከፈተች። መጀመሪያ ወንበር ሲጥ አለ፤ ከዚያ ወረቀት ኮሽ አለ፤ ከዚያ የሕፃን ትንፋሽ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሽ ብቻ።

ቅጹ ግን "በፈተናው ዕለት ቀርታለች" ይላል።

የትምህርት ሥነ ልቦና መምህርቷ ነገሩ የገባት ጠዋት ነው። ያልመጣ ልጅ ድምፁ አይቀዳም። ፈታኝ ሆነው የተላኩት አስተማሪዎች፣ አንዲት ቃል ማንበብ ያቃተው ልጅ ፊታቸው ቁጭ ብሎ እያየ ዜሮ ለመጻፍ እጃቸው እንቢ ብሏቸው፣ "ቀርቷል" የሚለው ላይ ምልክት አድርገው አልፈዋል። አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው። ከመቶ አርባ ልጆች አርባ ሦስቱ በዚህ ርኅራኄ ከቁጥር ወጡ። የተረፉት ዘጠና ሰባት ልጆች አማካይ በደቂቃ ሠላሳ አንድ ቃል ሆነ፤ አዲሱ የንባብ መርሐ ግብር ተሳካ ተባለ፤ ከመጪው ዓመት ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ ሊገባ ነው።

በሩ ተከፈተ። የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ አንጋፋው የትምህርት ፖሊሲ አጥኚ፣ የጥናቱን ሪፖርት የፊርማ ገጽ ይዘው ገቡ። የዶክትሬት ጽሑፏን ያማከሯት እሳቸው ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚኒስቴሩ ሰዎች ይጠብቁናል። እስካሁን አልፈረምሽም?"

"ጋሼ፣ ቀሩ የተባሉት ልጆች አልቀሩም። ይስሙት እስቲ።"

ቆመው አዳመጡ። ከትንፋሹ መሃል ፈታኟ "በርቺ የኔ ልጅ" አለች። በመጨረሻ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ "ልሂድ?" አለ።

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ጠረጉ። "በግርጌ ማስታወሻ እናስገባዋለን።"

"ለአርባ ሦስት ልጅ ግርጌው ይበቃል?"

"አታሹፊ። የማዕረግ ዕድገትሽ የፊታችን ወር ቦርድ ፊት ይቀርባል። እዚያ እነማን እንደሚቀመጡ አንቺው ታውቂያለሽ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?"

"ሰማይ አላርስም ጋሼ፤ ሠንጠረዥ ነው የማርመው።"

ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ዋጡት። "እኔ አልፈርምልሽም።"

"ግድ የለም። የእርስዎን ቦታ ክፍት እተወዋለሁ።"

"ብቻሽን ነው የምትቆሚው። በኋላ ጋሼ አልነገሩኝም እንዳትዪ።"

"ነግረውኛል።" ፊቷን ወደ ኮምፒዩተሩ መለሰች።

በሩ ተዘጋ። ማዕረጉን ሰባት ዓመት ጠብቃዋለች፤ እናቷም ለጎረቤት ሁሉ አስቀድመው አውርተዋል። ያልሰማቻቸውን አሥራ አምስት ቅጂዎች አንድም ሳትዘልል አዳመጠች። ከዚያ አርባ ሦስት ጊዜ ዜሮ ጻፈች።

አማካዩ ሃያ አንድ ተኩል ላይ ወረደ፤ መርሐ ግብሩ ካልነበረበት ከአምናው በግማሽ ቃል አንሶ። የታረመውን ሪፖርት አትማ ፈረመች፤ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲል የሪፖርቱን ቅጂ ለስብሰባው ተጋባዦች በሙሉ ላከች።

ቀሩ ተብለው ለብቻቸው ታስረው የነበሩትን ቅጾች ፈታች። እያንዳንዱን በቅጾቹ ሣጥን ውስጥ ከክፍል ጓደኞቹ መሃል በየተራው መለሰችና ሣጥኑን አንስታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።