«አይዞዎት» አይባልም

ጋሽ ባዩ ስለ ጎርፉ ሲናገሩ ክፍሉ ውስጥ ውሃ ይገባል። በአማካሪዎች ማሠልጠኛችን ይሄ ብርቅ አይደለም። ቃጠሎ የደረሰበት ታካሚ ሲናገር ግድግዳው ይጠቁራል፤ መኪና የተገለበጠበት ሲናገር ወንበሮቹ ይገለበጣሉ። የአማካሪነት ፈቃድ ተፈትኖ ላለፈ ብቻ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

ደንቡ ግልጽ ነው። ታካሚው ተናግሮ እስኪጨርስ አማካሪው ከወንበሩ አይነሳም። «አይዞህ» አይልም፤ «እግዜር ያውቃል» አይልም። ማጽናኛው ከቀደመ ታካሚው ዝም ይላል፤ ውሃውም በጆሮው ተመልሶ ይገባል።

ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ምን ላድርግ! እኛ ሰፈር ሰው እንቅፋት ሲመታው «እኔን!» ሳይል የሚያልፍ የለም። ሁለቱንም ጊዜ ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ «አይዞዎት» ከአፌ አመለጠ። ሁለቱንም ጊዜ ጋሽ ባዩ ጆሯቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ባለፈው ክረምት ትንሿን ልጃቸውን እሌኒን ጎርፍ ከወሰዳት ወዲህ ተጋድመው አያውቁም፤ የሚያንቀላፉት ግድግዳ ተደግፈው፣ ቆመው ነው። ይሄ ያንገበግበኛል። ዛሬ ምላሴ ቢቆረጥም እጨርሳለሁ ብዬ መጣሁ።

ፈታኟ ወይዘሮ አስካለ የጎማ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ጥግ ተቀምጠዋል።

«ትርሲት፣ ይሄ የመጨረሻሽ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ጋሽ ባዩም ከእሷ ሌላ አማካሪ አልፈልግም ብለዋል።»

«አውቃለሁ አልኩ እኮ!»

ጋሽ ባዩ ጀመሩ። «ዝናቡ ከሰዓት ነው የጀመረው...»

በበሩ ሥር ድፍርስ ውሃ ገባ። ጉልበቴ ጋ ደረሰ። የክር ጥቅልሎች እየተንሳፈፉ አለፉ። ደረቴ ጋ ሲደርስ ጋሽ ባዩ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ልተወው?»

አንጀቴን በሉት። «እየሰማሁዎት ነው» አልኩ። ይሄ በደንቡ ይፈቀዳል።

ውሃው አገጬን ነካ። ከሥር አንድ ትንሽ እጅ ቀኝ እጄን ያዘ። «አይዞሽ» ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። እጁን ግን አጥብቄ ያዝኩ። መያዝን የሚከለክል ደንብ የለም።

«ውሃ አልነጠቀኝም» አሉ ጋሽ ባዩ። «እጄ ዛለና ለቀቅኳት። እኔ ነኝ የለቀቅኳት።» ጮኸው አለቀሱ።

ውሃው ወረደ። ወለሉ ላይ ጭቃ ቀረ። ጋሽ ባዩ ኮታቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ አነጠፉና ተጋደሙ። ወዲያው አንኮራፉ። እኔም አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ወይዘሮ አስካለ የምስክር ወረቀቱን አመጡ። «እንኳን ደስ አለሽ። ተቀብያለሁ ብለሽ እዚህ ጋ ፈርሚ። ቀስ በይ፣ እንዳይነቁ።»

ፈረምኩ።

«ግራኝ ነሽ እንዴ?»

«አይ» አልኩ። «ቀኙ ተይዟል።»

ወይዘሮ አስካለ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ከወዲያኛው ክፍል ትንሽ የልጅ ወንበር አምጥተው ከጎኔ አስቀመጡ።