የጨው ውኃው አጋፋሪ

አስተዋይና ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፣ ሰው ሹመትና ልማድ በልቡናው ሥር በሰደዱ ጊዜ፣ የሰማይ አዕዋፍና የባሕር ዓሣት ሳይቀሩ ለእርሱ ሥርዓት ሊሰግዱ የተፈጠሩ ይመስለዋልና፣ አሁን የምንተርክልህን ሰው ለመንቀፍ አትቸኩል፤ እርሱ የወደቀበት ጉድጓድ ለሁላችንም በየማዕረጋችን ልክ ተቆፍሯል።

ከባሕር የሦስት ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ አምባ ላይ ደጃዝማች ስብሐት የሚባሉ ኃያልና ቁጡ መስፍን ነበሩ። አጋፋሪያቸው ዘርአ ዳዊት በግብር ቀን መኳንንቱን በየማዕረጋቸው ወደ አዳራሽ ያስገባ ነበር፤ ከዚሁም ጋር ሰባት ዓመት ሙሉ የሐይቅ ዓሦችን በድንጋይ ገንዳ በሰላም ሲቀልብ ስለ ኖረ፣ ዓሣ አዋቂ መባልን እጅግ ይወድ ነበር። ደጃዝማቹ ግን አመድማው የሐይቅ ዓሣ ሰለቻቸውና፣ ከወደብ ታላቅ የመስተዋት ገንዳ አስመጥተው፣ በዘመቻ የተማረከውን የዳህላክ ዓሣ አጥማጅ ሳልህን በሰንሰለት አቁመው፣ «የባሕሩ ዓሦች እዚህ ገብተው አንድ ወር ከኖሩ ነጻ ወጥተህ ከሚስትህና ከልጆችህ ትገባለህ፤ ካለቁ ግን ቀኝ እጅህ ይቆረጣል» ብለው ፈረዱ።

ሳልህም የባሕሩን ውኃ በበርሜል በግመል አስጭኖ፣ ውኃ የሚያጠሩ ደቃቅ ነፍሳት ያሉባቸውን የባሕር ድንጋዮች በገንዳው ደርድሮ፣ ውኃው እስኪረጋ ዓሣ ሳይገባበት አርባ ቀን እንዲቀመጥ ለመነ። ፀሐይ ውኃውን ባጎደለች ቁጥር አጋፋሪው የጨው ውኃ ሊሞላበት ሲነሣ፣ ምርኮኛው «ጨውማ የት ይሄዳል? የሄደው ውኃው ነው» እያለ የምንጭ ውኃ ያስጨምረው ነበር። ነገሩ እውነት ሆኖ መገኘቱ አጋፋሪውን እንደ እሾህ ወጋው፤ የሰባት ዓመት ዕውቀቱ በአንድ እስረኛ ፊት እፍኝ አልሞላ ብሎት አፈረ፣ አፍሮም ጠላው። ወርቅማና ሰማያዊ የሆኑ ሠላሳ ደቃቅ ዓሦች፣ ከእነርሱም ጋር አንድ ግዙፍ ጥርሰኛ ዓሣ በደረሱ ጊዜ፣ ሳልህ ከአጋፋሪው እግር ሥር ወደቀ።

«ጌታዬ፣ ይህ ጥርሰኛ ከሁሉ በኋላ ይግባ። ከቀደመ ገንዳው ሁሉ ርስቴ ነው ብሎ የመጣውን ይፈጃል። ስለ ልጆቼ ይበሉ!»

«አንተ ዓሣ ታውቅ ይሆናል፤ እኔ ሥርዓት አውቃለሁ። በዚህ ግቢ አውራው ሳይገባ ጭፍራ ገብቶ አያውቅም» አለው ዘርአ ዳዊት፤ ሳልህንም ወደ እስር ቤት አስመልሶ፣ በገዛ እጁ ጥርሰኛውን አስቀደመ፣ በሦስተኛውም ቀን ጧት ደቃቆቹን አስከተለ።

ያን ጊዜ የሆነውን ለመጻፍ ብዕር ይዘገንነዋል። ጥርሰኛው በመጀመሪያው ንክሻ የአንዱን ዓይን አወጣ፣ በሁለተኛው የሌላውን ሆድ ዘረገፈ፤ ከድንጋይ ሥር የተሸሸጉትን በጅራታቸው እየጎተተ ሁለት ሁለት አድርጎ ቆረጣቸው። አጋፋሪው ሊገላግል እጁን ቢሰድ ጣቱ ተዘነጠለ፤ የሰውና የዓሣ ደም ተቀላቅሎ ገንዳው ደፈረሰ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሠላሳውም አለቁ።

ደጃዝማቹ መጥተው «ይህን ማን አደረገ?» ብለው ባገሡ ጊዜ፣ ሳልህ ተጎትቶ ቀርቦ «እኔ አላስገባኋቸውም፣ አጋፋሪውን ይጠይቁልኝ!» እያለ ጮኸ። ዘርአ ዳዊትም የሚደማ ጣቱን በኩታው ሸሽጎ፣ የገዛ ቀኝ እጁ በመቁረጫው ግንድ ላይ ተዘርግቶ ታየውና፣ «ምርኮኛ ምን የማይለው አለ?» አለ። ወዲያው መጥረቢያው ወረደ፤ የሳልህ እጅ ከግንዱ ተፈናጥሮ ወደቀ፤ ደሙ እንዲቆም የፈላ ቅቤ በቁስሉ ላይ ሲፈስ ሳልህ እንደሚታረድ በሬ አገሣ። ያን ድምፅ ሲሰማ አጋፋሪው በምርኮኛው ደም ላይ ተደፍቶ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ነኝ! እርሱ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ በእልኸኝነቴ ገደልኋቸው፤ የእኔን ቁረጡ!» እያለ አለቀሰ።

ደጃዝማቹ ወደ ተቆረጠው እጅ፣ ከዚያም ወደ አጋፋሪያቸው ተመለከቱ። «አንድ ፍርድ ሁለት ጊዜ አይፈጸምም» አሉት። «ተነሥ፣ ፊትህን ታጠብ፤ ግብር ደርሷል።» እርሱም ተነሥቶ ታጠበ፣ መኳንንቱንም በየማዕረጋቸው አስገባ፤ ከሰይፍ በኋላ የምትደርስ እውነት ለተናጋሪዋ ዕረፍት ለተበዳዩም እጅ አትሆንምና።