ባል የማትፈልገው ዛፍ

ባሌ ጉግሳ ዕድሜውን የፈጀው ባል የማትፈልግ ዛፍ በማዳቀል ነው። እኔ ዘርፈሽ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ኖሬ እንዴት እንዳላበድኩ እኔው አውቃለሁ። አልሞንድ የምትባለው የለውዝ ዓይነት ዛፍ ብቻዋን አታፈራም፤ ንብ ከሌላ ዛፍ የአበባ ብናኝ ካላመጣላት አበባዋን አራግፋ ቁጭ ነው። አምቦ ላይ ደግሞ በምታብብበት ወቅት ብርዱ ንቡን እንደ ልቡ አያስወጣውም። "በራሷ አበባ የምታፈራ ካላገኘሁ እኔ ጉግሳ አይደለሁም" ብሎ ሲያዳቅል ኖሮ አንዲት ዛፍ ተረፈችው።

የችግኝ ጣቢያው ካድሬ ጓድ እንግዳወርቅ መጀመሪያ ወዷት ነበር። "የማንንም እርዳታ የማትሻ አብዮታዊ ዛፍ!" እያለ በየስብሰባው ያወራላታል። ኋላ ግን ሰለቸውና ዘንድሮ ካላፈራች ተቆርጣ ቦታው ለድንች ይሆናል አለ። የድንች አብዮታዊነት መቼም አይታማም።

ጉግሳ በራሷ ማፍራቷን ለማረጋገጥ፣ ንብ እንዳይደርስባት ገና በእምቡጧ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሻሽ አለበሳት። በእኛ አገር ጨርቅ የለበሰ ዛፍ አድባር መሆኑን የተማረው ባሌ ረሳው። ብዙም ሳይቆይ ግንዷ በቅቤ ወዝቶ አገኘነው። "ያለ ወንድ የምትወልድ አድባር" ተብላ ወሬዋ ጎጆ እስከምትባለው ከተማ ድረስ ደርሷል። ልጅ ያጣችው ጎረቤታችን ቦጋለችማ ሻሹን ገልጣ አበባውን ሳይቀር ቅቤ ቀብታዋለች። ንቡም በዚያው ገባ።

"ምን አደረግሽኝ?" ብሎ ጮኸ ጉግሳ።

"ኦቦ ጉግሳ፣ አድባር አፏ ታፍኖ ስለቴን እንዴት ትስማ?" አለችው።

ዛፏ ያን ዓመት ፍሬዋ ተንዠረገገ። ካድሬው አጨበጨበ። ባሌ ዝም ቢል ምን ነበረበት? "ንብ ገብቶባታል፤ በራሷ ማፍራቷን አላውቅም" ብሎ ዘረገፈው። አድባር መባሏንም ጨመረበት፣ በገዛ አፉ!

"ትቆረጥ!" አለ እንግዳወርቅ። የጣቢያው ሠራተኛ ቀንዓ መጥረቢያ ሲሰጠው ሆዴን አሞኛል አለ። የሌሎቹም ሆድ ወዲያው ታመመ። እንግዳወርቅ ራሱ መጥረቢያውን አነሳ፣ በቅቤ የራሰውን ግንድ አየ፣ የተሰበሰቡትን ሴቶች አየ፣ ከዚያ "ጉዳዩ በስብሰባ ይታያል" ብሎ ሄደ። አድባር የሚፈራ ካድሬ ስለሰጠን ተመስገን አልኩ።

በዓመቱ ጉግሳ እንደገና ሸፈናት። በዚህ ጊዜ ግን ቅቤው ከግንዱ እንዳያልፍ ሴቶቹን እግራቸው ላይ ወድቆ ለመናቸው። እነሱም በተራ ጠበቁለት፤ እንኳን ንብ እኔንም አላስጠጉኝ። ሻሹ ሲገለጥ ፍሬ አለ፤ ጥቂት ነው፣ ግን ፍሬ ነው። ጉግሳ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"በራሷ! ያለ ማንም!" ይላል ዛፏን እየዞረ።

ቦጋለች ግራ ገብቷት አየችው።

"ታዲያ እኛ አምና ምን አልንዎት?"